ያልተነሣው ጫፍ

ሳቢያን ነው ፋብሪካው፣ ከኒም ዛፉ ጀርባ፣
ቆርቆሮው ይንጣጣል ፀሐይ ስትገባ።
የማታ ፈረቃ፤ ስሜን ፈርሜያለሁ፣
ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ ከፊቱ ቆሜያለሁ፤
ከመጭመቂያው ፊት፣ ከብረት መንጋጋ፣
ሲከፈት እንቅልፍ እንዳጣ ሰው የሚያዛጋ፣
ሲገጥም ግን ቃል የለው፤ ዝም ብሎ የሚዘጋ።

ስፖንጁ ይመጣል፤ ነጭ ነው፣ ለብ ይላል፣
ጣቴን ብቀብረው ጣቴን ይመልሳል፣
እጄን ሳነሣለት አብሮኝ ይነሣል።
ከዚያ አረንጓዴው ቁልፍ።
እፍፍ።
ስንዝር ውፍረቱ ወርዶ ጣት ያክላል፣
ውስጡ የኖረ አየር በጎን በጎን ያመልጣል፣
ፊቴ ላይ ይመጣል፤
ሙጫ ሙጫ ይሸታል፤ ትንሽ ደግሞ፣ ባላምንም፣
የጨቅላ ልጅ አናት፤ ለማንም አልነገርኩም።
ላስቲኩ ይዞረዋል፣ ሦስት ጊዜ፣ አራት፤
የሁለት ሰው መኝታ የአንድ ሰው ጭን ያክላል በአንዲት ቅጽበት።

ሚስራ በክብሪት በምታህል እርሳስ ትጽፋለች፣
«ሰባ ሁለት ሞላ» ትላለች፤ ትስቃለች፤
«ድሮ ሃያ ነበር ኢሱዙው የጫነው፣
አቦ፣ ለካ አየር ነው በብር ያመላለስነው!»

ጥቅሉ ይሄዳል፤ ጅጅጋ፣ ቀብሪ ደሀር፣
ጭሮ፣ ባቢሌ፣ ሐረር።
እኔ የድሬን ወበቅ ጨምቄ ባወጣ፣
የዚያ አገር ንፋስ ነው ሊሞላው የሚመጣ።
ይላሉ እንጂ፤ እኔ አላየሁም።
ስድስት ዓመት ሳስር አንድ ቀን ሲፈታ አልደረስኩም።
የምተኛው ቤቴ የጥጥ ፍራሽ ላይ ነው፣
ነዳፊ በደጋን በየዓመቱ የሚነድፈው።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ፈረቃ ሳይቀየር ገና፣
ከገንደ ቆሬ አንዲት እናት፣ ባጃጅ ላይ ፍራሽ አስጭና፣
«ይኸው ሬሳችሁን!» አለች፣ ወርዳ ሳትቆም ደህና።
አዴ ረውዳ ትባላለች።
«ለልጄ ኒካሕ ነበር፤ ልጁ ጅቡቲ ቀረ፣ ሠርጉም ተራዘመ፣
ፍራሹ ቁም ሳጥን ላይ ሁለት ዓመት ከረመ፤
ዛሬ ላስቲኩን ቀደድኩ፤ አልነሣም አለ፣ ተጋደመ።»

የመጋዘን ሹሙ አቶ ድልነሳ መነጽሩን አድርጎ፣
«ከሦስት ወር በላይ አይታሰርም ይላል» አለ፣ ጽሑፉን ፈልጎ።
አየሁት ጽሑፉን፤ ቁንጫ ያክላል፤
ለጣፊው እኔው ነኝ፤
አንብቤው አላውቅም።
ጣቴን ቀበርኩበት እንደ ልማዴ።
ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

ዘበኛው አባ መሐዲ፣ የሌሊቱ ምርቃና ሳይለቀው፣
«ፀሐይ ስጡት» አለ፣ «እስቲ ድሬ ትሞክረው።»
ከግንቡ ሥር አነጠፍነው።
እኔም ቤቴ አልሄድኩም።
ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ አስፋልቱ ሲቀልጥ፣
አንዱ ጫፍ ተላቀቀ፤ ድምፅ አለው፣ ስስ ነው፣ ወረቀት እንደመግለጥ።
ጣት አከለ፤ እጥፍ አከለ፤ ስንዝር አክሎ ተነሣ፤
ሚስራ እልል ልትል ብላ አፏን ያዘች በአቶ ድልነሳ።
ያኛው ጫፍ ግን ተኛ።
ውሃ ረጨንበት፣ ልጆቹ ዘለሉበት፣
አባ መሐዲ ምርቃት ሰጠው፤ ምንም አላለም፣ ቀረ በተኛበት።

አዴ ረውዳ ዞራ አየችው፤ በክንዷ ለካችው፤
«በሉ ጫኑልኝ» አለች፣ «እንዳመጣሁት መልሳችሁ።
የተነሣው ወገን ለልጄ ይሆናል፤
ባሏ ከመጣ ለሁለት፣ ካልመጣም ይሰፋታል።
ዝቅ ያለው ለኔ ነው፤ ወገቤ ይወደዋል።»
ባጃጁ ዞሮ ሄደ፤ ጣሪያው ላይ ፍራሹ፣
አንድ ጎኑ ከፍ ብሎ፣ ተጠብቆ ትራሱ።

ማታ ተመለስኩ። ቁልፉን ከመጫኔ በፊት፣
በጥቁር ቀለም ጻፍኩ፣ በየጥቅሉ ፊት፦
«ቶሎ ፍቱኝ።»
አቶ ድልነሳ አይቶ በቤንዚን አስጠፋኝ፤
«ንግድ ነው» አለኝ፣ ብዙም ሳይቆጣኝ።
አሁን ከታች በኩል ነው የምጽፈው፣
ማንም በማያየው፣
መሬት በሚነካው።